አይጥ ለመዳሰስ ትንቀሳቀሳለች፦ ለጋሼ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየወሩ የምትዞር አንዲት የነዋሪዎች ጋዜጣ አለች። በመጨረሻው እትሟ ስለ አይጥ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዛ ወጥታለች። የጻፉት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ በሰፈሩ የሚከበሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔም እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጽሑፋቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል። የአይጥ ጢም ጌጥ ነው፤ አይጥ የምትመራው በዓይኗና በአፍንጫዋ ነው። አንድ ነገር ሲነካት የምትንቀሳቀሰው በሪፍሌክስ፣ ማለትም ሳታስበው በቅጽበት በሚመጣ ምላሽ ነው፤ አንጎሏ የለበትም። አንጎሏ የሚገባበት ጊዜ ቢኖር እንኳ አንዱ ቦታ ስሜት ይቀበላል፣ ሌላው ቦታ እንቅስቃሴ ያዛል፤ መልእክቱም ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ብቻ ይሄዳል። ስሜት ተቀባዩ ቦታ ከተጎዳ አይጧ ምንም አይሰማትም። ይህን ማጥናት ለፈረንጅ ላቦራቶሪ እንጂ ለእኛ አይጠቅምም። መጨረሻ ላይ ምክር ሰጥተዋል፦ ማታ መብራት አብርታችሁ እደሩ፣ መርዙን ወለሉ መሃል አስቀምጡት።

መልስ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ጽሑፍ እንደ ማስረጃ ይዘው ክፍል መጥተዋል። ሁለተኛው መርዙ ነው። በየብሎኩ ወለል ላይ የሚድሁ ሕፃናት አሉ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጢሙ ጌጥ ነው ስለሚለው

የአይጥን ፊት በቅርብ ለተመለከተ ሰው ጢሟ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ግልጽ ነው። ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ወደፊት ይሄዳል። አይጠ መጎጥ፣ ማለትም ትልቋ አይጥ፣ አካባቢዋን ስትፈትሽ ጢሟን በሴኮንድ ከ5 እስከ 15 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች። በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ በእያንዳንዱ ጎን 30 ገደማ ረጃጅም ጢሞች አሏት። የበቀሉትም እንደነገሩ ሳይሆን በ5 ረድፍ ተደርድረው ነው።

ፀጉሩ ራሱ አይሰማውም። እንደ እኛ ፀጉር ሙት ነገር ነው። ዋናው ነገር ያለው ሥሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ረጅም ጢም የተተከለበት ከረጢት ዙሪያውን በደም የተከበበ ሲሆን፣ ከ100 በላይ የነርቭ ሕዋሳት ጫፎቻቸውን ወደዚያ ልከዋል። የጢሙ ጫፍ ግድግዳ ነክቶ ትንሽ ሲጎብጥ፣ ጉብጠቱ እስከ ሥሩ ይሰማል። ነርቮቹም ወዲያው ለአንጎል ያሳውቃሉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ስቴላ ቪንሰንት የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1912 ስለ ነጭ አይጥ ጢም አንድ ጥናት አሳትማለች። ጢማቸው የተቆረጠ አይጦች ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ሲለቀቁ ጢም ካላቸው ይልቅ ተቸግረው ነበር። በ1990 ደግሞ ካርቬልና ሳይመንስ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጠ መጎጥ በጢሟ ብቻ ለስላሳውንና ሻካራውን ገጽ እንደምትለይ አሳዩ። ችሎታዋ በጣት ጫፍ ከሚደረግ ዳሰሳ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ነው የተገኘው። ጋሼ ስለ አፍንጫዋ ያሉት ትክክል ነው፤ የማሽተት ችሎታዋ ከፍተኛ ነው። ዓይኗ ግን ደካማ ነው። ዝርዝር ነገር በመለየት ከሰው ዓይን ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የምትወጣውም በአብዛኛው በጨለማ ነው። በጨለማ ግድግዳ ሥር እንደዚያ በፍጥነት የምትሮጠው ጢሟ ግድግዳውን እየነካ ስለሚመራት ነው።

ሪፍሌክስ ነው ስለሚለው

እዚህ ላይ ጋሼ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹን ልስጣቸው።

ከጢሙ ሥር የሚነሳው ነርቭ መጀመሪያ የሚገባው ወደ አንጎል ግንድ ነው። የአንጎል ግንድ ማለት አንጎልን ከህብለ ሰረሰር የሚያገናኘው ክፍል ነው። የጢም ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሱት ሕዋሳትም ያሉት እዚያው ሰፈር ነው። ስለዚህ በጣም አጭር መንገድ አለ፤ ስሜት ገብቶ፣ ላይኛውን የአንጎል ክፍል ሳይጠይቅ፣ እንቅስቃሴ ሆኖ ይወጣል። በ2005 ንጉየንና ክላይንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አጭር መንገድ መርምረው ነበር። ያገኙት ነገር የሚገርም ነው። ጢሙ አንድ ነገር ሲነካ ይህ መንገድ ጢሙን ወደዚያው ነገር የበለጠ እንዲገፋ ያግዘዋል። ጢሙን ከነካው ነገር ማሸሽ አይደለም ሥራው።

ያም ሆኖ አንጎል የለበትም ማለት አይቻልም። የአንጎል ግንድ ራሱ አንጎል ነው። ከዚያ የሚበልጥ ችግርም አለ። ነገሩ ሪፍሌክስ ብቻ ቢሆን፣ ንክኪው ሲጠፋ እንቅስቃሴውም መጥፋት ነበረበት። አይጠፋም። ከጢሙ ስሜት የሚያመጣው ነርቭ የተቋረጠባት አይጥ ጢሟን ማርገብገቧን ትቀጥላለች። ምቱ የሚመነጨው ከውስጥ ነው ማለት ነው። ምንጩ የት እንዳለ በ2013 የዴቪድ ክላይንፌልድና የማርቲን ዴሼን ቡድኖች አሳዩ። በአንጎል ግንድ ውስጥ፣ የትንፋሽ ምት ከሚመነጭበት ቦታ አጠገብ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። ለዚህ ነው አይጥ ስታነፈንፍና ጢሟን ስታርገበግብ ሁለቱ አንድ ላይ የሚሄዱት። ጋሼ አፍንጫውን ከጢሙ ለይተው አስቀመጡት፤ አይጧ ግን አብራ ነው የምትጠቀምባቸው።

አሁን ወደምወደው ማስረጃ ልምጣ። በ2007 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አይጦችን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ነበር። አይጧ በአንድ ጎኗ ግድግዳ ስትነካ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይሠሩም። ግድግዳው ያለበት ጎን ጢም ወደፊት የሚያደርገውን ጉዞ ያሳጥራል፤ ብዙ ሳይጎብጥ ቀለል አድርጎ ይነካል። የሌላው ጎን ጢም ደግሞ ጉዞውን ያስረዝማል፤ ነገሩ እሱም ዘንድ እንዳለ ይፈልጋል። በአንድ ጎን የተገኘ ስሜት የሌላውን ጎን እንቅስቃሴ ቀየረ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 ታወልና ሃርትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳይተው ነበር። አይጧ ጭንቅላቷን ልታዞር ስትል ጢሟ ቀድሞ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ያጋድላል። ገና ወዳልደረሰችበት ቦታ ጢሟን ትልካለች።

ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ክብሪት የሚፈልግ ሰው እጅን ማሰብ ይበቃል። ጠረጴዛውን ይዳስሳል፣ የነካው ብርጭቆ ከሆነ እንዳይጥለው ይለሰልሳል፣ ጠርዙን ሲያገኝ ይከተለዋል፣ ሌላኛው እጁም በዚያ በኩል ይዘረጋል። እጁ የተንቀሳቀሰው ስለተነካ ነው ወይስ ለመንካት? ሁለቱን መለየት አይቻልም። የአይጥም እንደዚያው ነው። የጋሼ ጽሑፍ የሳተው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። አይጥ ስሜት እስኪመጣላት ቁጭ ብላ አትጠብቅም። ሄዳ ታመጣዋለች።

ከስሜት ወደ እንቅስቃሴ ብቻ ስለሚሄደው መልእክት

ይህ የጽሑፉ ልብ ነው። ተማሪዎቼም ይዘውት የመጡት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሳጥን፣ በመካከላቸው አንዲት ቀስት። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መንገዱን በቅደም ተከተል እንየው። ከጢሙ ሥር የተነሳው መልእክት የአንጎል ግንድ ይደርሳል። እዚያ ተራውን ለሌሎች ሕዋሳት ይሰጣል። እነሱ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ፤ የግራ ጢም ወሬ ወደ ቀኝ አንጎል፣ የቀኙ ወደ ግራ። ከዚያ ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል መሃል ክፍል ይወጣል። ከታላመስ ደግሞ ወደ ላይኛው የአንጎል ቅርፊት፣ የዳሰሳ ስሜት ወደሚደርስበት ቦታ ይሄዳል።

በዚህ ቦታ ላይ በ1970 ቶማስ ዉልሲና ሄንድሪክ ቫን ደር ሉስ አንድ ድንቅ ነገር አገኙ። የትንሿን አይጥ አንጎል ቅርፊት በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ሕዋሳቱ በርሜል የመሰለ ቅርጽ ሠርተው ተሰባስበዋል። በርሜሎቹም በ5 ረድፍ ተደርድረዋል፤ ልክ ፊቷ ላይ እንዳሉት ጢሞች። ለአንድ ጢም አንድ በርሜል። የፊቷ ካርታ አንጎሏ ውስጥ ተስሏል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1973 ደግሞ ገና በተወለደች አይጥ ላይ አንድ ረድፍ ጢም ከሥሩ ከተጎዳ፣ አንጎሏ ውስጥ ያለው የዚያ ረድፍ በርሜል በትክክል እንደማይፈጠር አሳዩ። ይህን ስዕል ለተማሪ ባሳየሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔንም እስካሁን ይደንቀኛል።

የጋሼ ሐሳብ ከዚህ ስዕል የመጣ ይመስለኛል። ስዕሉ እውነት ነው። የሳቱት ከስዕሉ ያወጡትን ነገር ነው። ካርታ ስላለ ብቻ ቦታው ተቀባይ ብቻ ነው ማለት አይደለም።

በ2007 በስዊዘርላንድ ሎዛን የካርል ፒተርሰን ቡድን ነቅተው የሚንቀሳቀሱ አይጦችን አንጎል በልዩ ቀለም እያየ አንድ ጢም ነካ። መጀመሪያ የዚያ ጢም በርሜል ተነሳ። ከዚያ እንቅስቃሴው ወደ ዙሪያው ተስፋፋ። በጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ልዩነት ደግሞ ከፊት ለፊት ያለው እንቅስቃሴ አዛዥ ክፍል ተነሳ። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ልክ ናቸው። ከስሜት ወደ እንቅስቃሴ የሚሄድ መንገድ አለ፤ ፈጣንም ነው።

ግን መንገዱ ይመለሳል። እንቅስቃሴ አዛዡ ክፍል ወደ ስሜት ተቀባዩ ክፍል በርካታ የነርቭ ጭራዎችን ይልካል። የሚያስፈልግበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ጢሙ ሲጎብጥ የሚነግረው አንድ ነገር ነክቻለሁ ብቻ ነው። የነካው ነገር የት ነው? ይህ የሚታወቀው በዚያች ቅጽበት ጢሙ የት እንደነበረ ሲታወቅ ነው። ጢሙ ወደፊት ተዘርግቶ ከነበረ ነገሩ ከፊቷ ነው። ወደኋላ ተመልሶ ከነበረ ከጎኗ ነው። ስለዚህ ንክኪና እንቅስቃሴ አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው።

የሚገናኙት ደግሞ ጋሼ ተቀባይ ብቻ ባሉት ቦታ ላይ ነው። በ2009 ከርቲስና ክላይንፌልድ በዚህ ቦታ ያሉ ሕዋሳትን አዳመጡ። አንዳንዱ ሕዋስ ጢሙ ወደፊት እየሄደ ሳለ ሲነካ በኃይል ይመልሳል፤ ያው ጢም በመመለስ ላይ ሳለ ሲነካ ግን ድምፁ ይቀንሳል። የሌላው ሕዋስ ምርጫ ደግሞ ሌላ ነው። ንክኪው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በጢሙ ጉዞ ላይ ተመሥርቶ መልሱ ይለያያል። ይህን የጢም ጉዞ ወሬ አንጎል የሚያገኘው ከራሱ ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ከጢሙ ሥር ያሉት ነርቮችም ጢሙ አየር ላይ ሲርገበገብ እንኳ እንቅስቃሴውን ያሳውቃሉ።

የ2010ሩ ጥናት ግን የሁለቱን ሳጥኖች ስዕል ከሥሩ ነቀነቀው። ይህም ከሎዛን ቡድን የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ እንቅስቃሴ አዛዡን ክፍል ሲያነሳሱ አይጧ ጢሟን ለፍለጋ እንደምታደርገው አርገበገበች። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ከዚያ ስሜት ተቀባዩን ክፍል አነሳሱ። ጢሟ ወደኋላ ተሳበ። ተቀባይ የተባለው ቦታ ራሱ አዘዘ ማለት ነው። ትእዛዙም በእንቅስቃሴ አዛዡ ክፍል በኩል አልዞረም፤ ከስሜት ክፍሉ ወደ አንጎል ግንድ በራሱ መንገድ ወረደ።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እንያቸው። በአንጎል ግንድ ያለው አጭር መንገድ ጢሙን ወደነካው ነገር ይገፋዋል። ከቅርፊቱ የሚወርደው ረጅሙ መንገድ ወደኋላ ይስበዋል። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፤ ሌላው ትንሽ ዘግይቶ። በሁለቱ መካከል ጢሙ ነገሩን ነክቶ የሚላቀቅ፣ እንደገናም የሚነካ ይመስላል። ንዑስ አንጎልና ጭንቅላትን ወደ ተነካው አቅጣጫ የሚያዞረው የመካከለኛው አንጎል ክፍልም የየራሳቸው ዙር አላቸው። እነሱን እዚህ አልዘረዝርም። ተማሪዎቼ ሁለቱን ሳጥኖች ትተው ክብ ቢስሉ፣ ክቡም ውስጥ ሌሎች ክቦች ቢጨምሩ፣ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ስሜት ተቀባዩ ክፍል ሲጎዳ

ጋሼ ምንም አይሰማትም ብለዋል። መልሱ በሥራው ዓይነት ይወሰናል። በ1986 ሃትሰንና ማስተርተን አይጦችን በጨለማ ክፍተት ያሻገሩበት ሙከራ አለ። አይጧ ከአንዱ መደብ ጫፍ ቆማ ጢሟን ዘርግታ ማዶውን መንካት፣ ከዚያ መዝለል አለባት። የበርሜሎቹ ቦታ የጠፋባት አይጥ ይህን ማድረግ አቃታት። ጢሟን ሌላ ሰው ሲነካው ግን ታውቅ ነበር። በ2018 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ይህ ቦታ ከተወገደባቸው አይጦች ውስጥ በጢማቸው አንድ ነገር መኖሩን መለየት የተማሩት ችሎታቸውን ባጭር ጊዜ መልሰው እንዳገኙ አሳየ። አለ ወይስ የለም የሚለውን ቀላል ጥያቄ ታችኞቹ ክፍሎችም ይመልሱታል። እያንቀሳቀሱ ፈልጎ፣ ርቀቱን ለክቶ መዝለል ግን ሌላ ሥራ ነው።

ለእኛ አይጠቅምም ስለሚለው

ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። ከብሎኮቻችን ጀርባ ያለው ጥቁር አፈር ትናንት የጤፍ ማሳ ነበር። ከከተማው ዳር ትንሽ ወጣ ያለ ሰው ሜዳው ላይ የፍልፈል ጉብታ ያያል። ፍልፈልም እንደ አይጥ የቆርጣሚ እንስሳት ወገን ነው፤ ኑሮው ከመሬት በታች ነው፤ ዓይኑ ትንንሽ ነው። ገበሬው እንደ ተባይ ያየዋል፤ ልክም ነው። ግን ጨለማ ውስጥ በመዳሰስ መንገድ የሚያወጣ እንስሳ እግራችን ሥር አለ።

የዚህ ዓይነት ኑሮ ጫፍ ላይ የደረሰው ደግሞ ፀጉር አልባው ፍልፈል ነው። በአገራችን ምሥራቅና ደቡብ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ ይኖራል። ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከኢትዮጵያ በተገኘ ናሙና ነው። በ2002 ኬኔት ካታኒያና የሥራ ባልደረባው የዚህን እንስሳ አንጎል ሲመረምሩ፣ ከዳሰሳ ስሜት ክፍሉ 31 በመቶ ያህሉ ለፊት ጥርሶቹ ብቻ የተመደበ ሆኖ አገኙት። የሚቆፍረው በጥርሱ ነው፣ የሚሸከመው በጥርሱ ነው፣ የሚዳስሰውም በጥርሱ ነው። ገላው ፀጉር አልባ ቢባልም እዚህም እዚያም ቀጫጭን ፀጉሮች አሉት። አንዷን ፀጉር ብቻ ሲነኳት አፍንጫውን ወደተነካበት ቦታ ያዞራል። ንክኪ ወደ እንቅስቃሴ ሲቀየር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ የት ይገኛል? ይህ የፈረንጅ ላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ የእኛ ልጆች የአገራቸውን እንስሳ ከሌላ አገር ሰው መስማት ሊቀጥሉ ነው።

ወደ ሰው ስንመጣም ያው ነው። በ1984 ሮላንድ ዮሃንሰንና ዌስትሊንግ የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ሰው በሁለት ጣቱ ዕቃ ሲያነሳ ጣቱ ምን ያህል እንደሚጨብጥ ለኩ። ዕቃው ሊያዳልጥ ሲል፣ ሰውዬው ሳያስበው፣ ጣቱ ጭብጡን ያጠብቃል። ጣቶቹ ሲደነዝዙ ይህ ማስተካከል ይጠፋል። ጡንቻው ደህና ነው፣ ጉልበቱም አለ፤ የጎደለው ዳሰሳው ነው። ስኳር ሕመም የእግር ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎችም በሰፈራችን አሉ። እግራቸው መሬቱን በደንብ ስለማይነግራቸው እርምጃቸው ይዛባል፤ ቁስል ሲወጣባቸውም ቶሎ አይታወቃቸውም። ሐኪም እግራችሁን በየቀኑ እዩ የሚላቸው ለዚህ ነው። መዳሰስና መንቀሳቀስ አንድ ዙር መሆናቸውን በአይጥ ጢም የተማረ ልጅ፣ ነገ ይህን ሕመም ሲያክም በሌላ ዓይን ያየዋል።

ስለ ምክሩ

አዝመራ ሲሰበሰብ አይጡ ወደ ብሎኮቹ እንደሚጠጋ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ምክር ማስፈለጉ ላይ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። ምክሩ ግን አይጧን ከማወቅ መነሳት አለበት።

መብራት ማብራት ቆጣሪ ያስቆጥራል እንጂ አይጥ አያባርርም። የምትመራው በጢሟ ነው ብለናል፤ ግድግዳው እዚያው ነው፣ ቢበራም ባይበራም። መርዝ ወለሉ መሃል ማስቀመጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። አይጧ የወለሉን መሃል በተቻላት መጠን ትሸሻለች፤ እዚያ ጢሟ የሚነካው ነገር የለም። ወለሉ መሃል የሚደርሰው ሕፃኑ፣ ድመቷና ዶሮዋ ናቸው።

መንገዷን መፈለግ ይሻላል። ግድግዳ ሥር፣ ቅባት የነካው የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ፣ በተደጋጋሚ ገላዋ እየታከከ ያለፈችበት ነው። ወጥመዱ እዚያ ይቀመጥ፤ ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ። ትልልቆቹ አይጦች አዲስ ነገር ይፈራሉ፤ ስለዚህ ወጥመዱን በየቀኑ ቦታ መቀያየር ጥሩ አይደለም። ጥቂት ቀን ይቆይላቸው። የጤፍና የዱቄት ጆንያ ከግድግዳ ጋር አይጣበቅ። በጆንያና በግድግዳ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ለአይጥ የምትመች መንገድ ናት፤ ሁለቱም ጎን ጢሟን ይነካል። ጆንያውን ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳውም አርቆ፣ ሥሩን መጥረግ እንዲቻል ማድረግ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ቀዳዳ ነው። ትንሿ አይጥ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ በሰፋች ክፍተት ታልፋለች። የእኛ ቤቶች ዋና ችግር ወጥ ቤት ውስጥ ቱቦ የሚገባበት ቦታ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ዙሪያው ሳይደፈን ቀርቷል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ ላዩን በሲሚንቶ መምረግ ብዙ ወጪ የለውም። ጨርቅ ወይም ላስቲክ ግን አይሆንም፤ በጥርሷ ታነሳዋለች። የደጁ በር ሥር ያለው ክፍተትም እንዳይረሳ።

ጋሼ፣ ስለ አንጎል የጻፉትን በሚቀጥለው እትም ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል። ከፈለጉ መጥቼ የበርሜሎቹን ስዕል ላሳይዎት እችላለሁ። የምክሩ እርማት ግን እስከዚያ አይቆይ። ወለል ላይ መርዝ ያስቀመጠ ቤት ካለ ዛሬ ማታ ያንሳው። ወጥመድ የሌለው ጎረቤት ካለ የእኔን መውሰድ ይችላል፤ ቤቴ ቀዳዳው ከተደፈነ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።